የደረት ቱቦ የገባለት ልጅ ወላጅ ምን ይጠይቅ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ልጃቸው «ሳንባው ተኮማትሯል» ተብሎ ሆስፒታል የተኛባቸው ወላጆች የሚያነሱት ቅሬታ ለእኛ፣ በሕፃናት ክፍል ለምንሠራ ሐኪሞችና ነርሶች፣ እንግዳ አይደለም። «ሲቲ ስካን ለምን አልታዘዘለትም?»፣ «ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ለምን አልተጀመረለትም?»፣ «ኦክስጅን አድርገው ዝም ብለው ያዩታል» የሚሉት ይበዛሉ። አብዛኞቹ ከጭንቀት የመጡ ናቸው፤ ሲጣሩም ጥፋት አይገኝባቸውም። በእርግጥ ሊያስቆጣ የሚገባው ግን ሳይነሳ ይቀራል፦ ከደረቱ አየር ወይም ፈሳሽ የሚያወጣለት ቱቦ በክላምፕ (በመቆንጠጫ) ተቆልፎ ወደ ራጅ ክፍል የተወሰደ ልጅ፣ ማስታገሻ ያልታዘዘለት ልጅ፣ ከቱቦው ጋር ተያይዞ ከጠዋት እስከ ማታ ማንም ጎንበስ ብሎ ያላየው ጠርሙስ። ይህን የጻፍነው ወላጅ የቱን ትቶ የቱን አጥብቆ መጠየቅ እንዳለበት ለማሳየት ነው። የሙያ ባልደረቦቻችንም ቢያነቡት አንጠላም።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛው መኮማተር ነው?» የሚለው ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ችግሮች አሉ። አንዱ አየር ከሳንባው ሾልኮ በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል ሲጠራቀምና ሳንባውን ከውጭ ሲጫነው ነው፤ ሐኪሞች ኒሞቶራክስ ይሉታል። ሌላው በዚያው ቦታ ፈሳሽ ወይም መግል ሲቋጠር ነው፤ ከከባድ የሳንባ ምች በኋላ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ከውጭ የሚጫን ነገር የለም። የአየር ቧንቧው በወፍራም አክታ ወይም ልጁን ትን ባለው ፍሬ ይደፈንና ከመዘጊያው ወዲያ የነበረው አየር ወደ ደም ተመጦ ሲያልቅ ያ የሳንባ ክፍል ይሟሽሻል። ይህ አቴሌክታሲስ ይባላል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የደረት ቱቦ ሊያስፈልግ ይችላል። ለሦስተኛው ቱቦ ማስገባት ልጁን በከንቱ ማቁሰል ነው፤ መድኃኒቱ መዘጊያውን ማንሳት ነው። አክታ ከሆነ በፊዚዮቴራፒና በማሳል፣ ባዕድ ነገር ከሆነ በብሮንኮስኮፒ (ወደ አየር ቧንቧው በሚገባ መመልከቻ መሣሪያ) ይወጣል።

ልዩነቱን ራጁ ላይ ማሳየት ከባድ አይደለም፤ ወላጅም «አሳዩኝ» ቢል መብቱ ነው። አየር ወይም ፈሳሽ በብዛት ሲጫን ልብና ዋናው የአየር ቧንቧ ወደ ጤነኛው ጎን ይገፋሉ። ቧንቧ ተደፍኖ ሲሟሽሽ ደግሞ ወደ ታመመው ጎን ይሳባሉ። እግረ መንገድም ራጁ ላይ ያለውን የግራና የቀኝ ምልክት ማየት ይገባል። ፊልሙ ተገልብጦ ከተሰቀለ ቱቦው በጤነኛው ጎን ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ቱቦ የሚያስገባው ሰው ራጁን ከማዳመጫው ጋር ሳያመሳክር ቆዳ መንካት የለበትም። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ከሳንባ ምች በኋላ በሳንባው ውስጥ አየር የያዘ ከረጢት ሊፈጠር ይችላል፤ ራጅ ላይ ኒሞቶራክስ ይመስላል። እሱን በመርፌ መውጋት ያልነበረውን ኒሞቶራክስ መፍጠር ነው። ትን ያለው ልጅ ላይ ደግሞ አንድ ደህና ራጅ ወጣ ተብሎ ጉዳዩ አይዘጋም፤ ፍሬና ፕላስቲክ ራጅ ላይ አይታዩምና። ወላጅ «ሲበላ ወይም ሲጫወት ድንገት ሳል ይዞት ነበር» ካለ ያ ቃል ከራጁ ያላነሰ ማስረጃ ነውና ቻርቱ ላይ መጻፍ አለበት።

አየሩ ትንሽ ሆኖ ልጁ ሳይጨነቅ የሚተነፍስ ከሆነ ሐኪሙ ቱቦ ሳያስገባ መከታተልን ሊመርጥ ይችላል። ወላጅ «ምንም አልተደረገለትም» የሚለው ያኔ ነው። አየሩ የሾለከበት የሳንባው ፍንጣቂ ከተዘጋ ሰውነት ራሱ አየሩን ይመጥጠዋል፤ ፍጥነቱ በቀን የዚያን የደረት ጎን መጠን ከ1.25 እስከ 2.2 ከመቶ ያህል ነው። ስለዚህ 15 ከመቶ የሚሆን አየር እስኪጠፋ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ሊጠጋ ይችላል። በዚህ ጊዜ ክትትል ማለት ግን ክትትል መሆን አለበት፦ የትንፋሽ ቁጥር፣ የልብ ምት፣ በጣት ላይ በሚደረገው መሣሪያ የሚለካው ኦክስጅን በየሰዓቱ ተጽፎ፣ ራጅም እንደገና ተነስቶ። ቻርቱ ባዶ ከሆነ ያ ክትትል አይደለም፤ ቅሬታውም ትክክል ነው። ኒሞቶራክሱ በጉዳት ወይም በድንገት የመጣና ምንም ኢንፌክሽን የሌለበት ልጅ ደግሞ አንቲባዮቲክ አልተሰጠውም ብሎ መቆጣት ብዙም ቦታ የለውም።

ጊዜ የማይሰጠው ሌላ ነው። ፍንጣቂው አየር እያስገባ የማያስወጣ ከሆነ በደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት በእያንዳንዱ ትንፋሽ እየጨመረ ይሄድና ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያግዳል። ልጁ ድንገት ይንቆራጠጣል፣ ያቃስታል፣ አፍንጫው ይርገበገባል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። በታመመው ጎን ደረቱ ተወጥሮ አይንቀሳቀስም፤ በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ በማዳመጫ የትንፋሽ ድምፅ አይሰማም። የአንገት ደም ሥር መወጠርና የአየር ቧንቧው ወደ ጎን መሄድ በመማሪያ መጻሕፍት ቢጠቀሱም አንገቱ አጭር በሆነ ሕፃን ላይ ለማየት ያስቸግራሉ። የደም ግፊትም በልጆች ላይ የሚወርደው መጨረሻ አካባቢ ነው። እነዚህን የሚጠብቅ ሰው፣ ወይም ልጁን ጭኖ ወደ ራጅ ክፍል የሚሮጥ ሰው፣ ልጁን ሊያጣው ይችላል።

እዚህ ላይ የሚደረገው እዚያው አልጋው ላይ ካኑላ (በመርፌ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) መውጋት ነው። ከአንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት አጋማሽ ቁልቁል በሚወርደው መስመር፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው የጎድን አጥንት መካከል፣ የሦስተኛውን አጥንት የላይኛ ጠርዝ ተጠግቶ ይገባል። የላይኛው ጠርዝ የተመረጠው ደም ሥሩና ነርቩ በየአጥንቱ የታችኛ ጠርዝ ሥር ስለሚያልፉ ነው። ለአራስ 22 ወይም 24 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ መርፌው ይወፍራል)፣ ለትንሽ ልጅ 18 ገደማ፣ ለጎረምሳ 14 ወይም 16 ጌጅ ይሆናል። አየሩ ሲወጣ ልጁ ወዲያው ነፍስ ይዘራል፤ አደጋው የሚያዘናጋውም ያኔ ነው። ካኑላ ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይደፈናል፣ ይወጣል። መርፌው የተወጋው ቱቦ እስኪገባ ነው እንጂ በቱቦ ምትክ አይደለም።

ቱቦው ራሱ የሚገባው ከብብት ዝቅ ብሎ፣ ከጡት ጫፍ ደረጃ ሳይወርድ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ወይም በአምስተኛውና በስድስተኛው የጎድን አጥንት መካከል ነው። ከዚያ ዝቅ ከተባለ ጉበትና ጣፊያ ይጠብቃሉ። ውፍረቱ ለአራስ ከ8 እስከ 12 ፍሬንች (የቱቦ ውፍረት መለኪያ)፣ ለሕፃን ከ12 እስከ 16፣ ከፍ ላለ ልጅ ከ16 እስከ 24 ይደርሳል። አየር ብቻ ከሆነ ግን ከ8 እስከ 14 ያለው ቀጭን ቱቦ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ሕመሙም ያንሳል። ወፍራም የሚያስፈልገው ለደም ነው። ብረት ዘንግ ያለውን ቱቦ በጉልበት የመግፋት ልማድ መቅረት ያለበት ነው፤ የልጅ ደረት ስስ ስለሆነ ዘንጉ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ጡንቻውን በደነዘ መቀስ ቀስ ብሎ እየከፈቱ መግባት ሁለትና ሦስት ደቂቃ ቢጨምር ነው።

ማደንዘዣ ላይ የሚሠራ ስህተት አለ። ሊዶኬይን አድሬናሊን የሌለበት ከሆነ ለልጅ ከ3 ሚሊ ግራም በኪሎ አይለፍ። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 30 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ በ1 ፐርሰንቱ 3 ሚሊ ሊትር፣ በ2 ፐርሰንቱ 1.5 ሚሊ ሊትር። የ2 ፐርሰንቱን ጠርሙስ ይዞ በ1 ፐርሰንት ማስላት ልጁን ለመንቀጥቀጥና ለልብ ምት መዛባት ያጋልጣል። መድኃኒቱ ከተወጋ በኋላም ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ አለበት፤ ወግቶ ወዲያው መቁረጥ ያለ ማደንዘዣ ከመቁረጥ ብዙም አይለይም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ጠርሙሱ ላይ ነው፤ በአብዛኛው የሚበላሸውም እዚህ ነው። ከልጁ የሚመጣው ረጅሙ ቱቦ ጫፉ በጠርሙሱ ውሃ ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል። ውሃው አየር እንዲወጣ እንጂ ተመልሶ እንዳይገባ ያደርጋል። ሌላዋ አጭር ቀዳዳ ለአየር መውጫ ክፍት መሆን አለባት። ይህችን ቀዳዳ በጥጥ የሚደፍን አለ፤ ከመምጠጫ ማሽን ጋር አገናኝቶ ማሽኑን ካጠፋ በኋላ ቱቦውን ሳይነቅል የሚተውም አለ። ሁለቱም ቱቦውን ከመቆለፍ አይለዩም። ማሽኑ ሲጠፋ ማገናኛው ይነቀል።

ልጁ ሲተነፍስ በረጅሙ ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ይወጣል፣ ሲያስወጣ ይወርዳል። በራሱ ለሚተነፍስ ልጅ እንዲህ ነው፤ በማሽን ለሚተነፍሰው ግን ይገለበጣል። ይህ እንቅስቃሴ ቱቦው ክፍት መሆኑን ይናገራል። ቆሞ ከተገኘ ትርጉሙ ሁለት ነው፦ ወይ ሳንባው ሞልቶ ተዘርግቷል፣ ወይ ቱቦው ታጥፏል፣ ተደፍኗል፣ ልጁ ተኝቶበታል። የትኛው እንደሆነ ጠርሙሱን ብቻ አይቶ መወሰን አይቻልም፤ ልጁን ማየትና ቱቦውን ከደረቱ እስከ ጠርሙሱ በጣት ተከትሎ መፈተሽ፣ ከዚያም ራጅ። አረፋ ደግሞ አየር እየወጣ መሆኑን ያሳያል። ሲያለቅስ ወይም ሲያስል ብቻ የሚታይ አረፋ የሚጠበቅ ነው። ያለማቋረጥ የሚንቦቀቦቅ ከሆነ መጀመሪያ ማያያዣዎቹና ፕላስተሩ ይታዩ፤ ላልቶ ከውጭ አየር እየገባ ሊሆን ይችላልና። እነሱ ደህና ከሆኑ ሳንባው ላይ ያለው ቀዳዳ ሰፊ ነው ማለት ነው፤ ያ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጉዳይ ነው።

መግል ወይም ደም የሚወርድለት ልጅ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ጠርሙሱ አንድ ብቻ ከሆነ ፈሳሹ በጨመረ ቁጥር የቱቦው ጫፍ እየጠለቀ ይሄዳል። ጠዋት 2 የነበረው ማታ 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ይሆንና ልጁ አየሩን ለማስወጣት ያን ሁሉ ውሃ መግፋት ይኖርበታል፤ አቅም የለውም። ሁለት ጠርሙስ ተያይዞ የመጀመሪያው ፈሳሹን፣ ሁለተኛው ውሃውን ቢይዝ ይሻላል። ይህ ካልተቻለ ጠርሙሱ በጊዜው ይቀየር። የውሃው ልክ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ቀንና ሰዓት መጻፍ ከሁሉ የሚቀል ሥራ ነው፤ «ዛሬ ስንት ወረደ?» ለሚለው ጥያቄም መልሱ እሱ ነው። ብዙ ፈሳሽ በአንዴ ማውረድም አይገባም፦ ከ10 ሚሊ ሊትር በኪሎ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆም ይባላል፤ ለረጅም ጊዜ የተጫነ ሳንባ በድንገት ሲዘረጋ ራሱ ውሃ ሊቋጥር ይችላልና።

ቱቦ በክላምፕ ሊያዝ ከሚችልባቸው ጥቂት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ጠርሙስ ሲቀየር ለጥቂት ሰከንድ መያዝም አለ። ከዚህ ውጭ አረፋ ያለውን ቱቦ መቆለፍ የሚወጣውን አየር ደረት ውስጥ መልሶ ማፈን ነው። ሆኖም ልጁ ለራጅ ወይም ለሌላ ሆስፒታል ሲወሰድ ተሸካሚዎች «እንዳይፈስ» ብለው ይቆልፉታል፤ ሰዓቱም ልጁን ማንም በቅርብ የማያይበት ነው። ወላጅ እዚህ ላይ ደፋር ይሁን። ክላምፕ ካየ «ለምን ተቆለፈ? መቼ ይከፈታል?» ይበል፤ ትክክለኛ ምክንያት ያለው ሰው መልሱን ወዲያው ይሰጣል። ጠርሙሱ በጉዞም ሆነ በአልጋ ከልጁ ደረት በታች ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። አልጋው ላይ ወይም የልጁ እግር መካከል ካረፈ ውሃው ወደ ደረቱ ይመለሳል። ጠያቂ ሲበዛና ወለል ሲወለወል ጠርሙሱ የሚገለበጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አልጋው እግር ላይ መታሰር ወይም መያዣ ውስጥ መቆም አለበት።

ከተሰበረ የቱቦው ጫፍ ወዲያው ንጹሕ ውሃ ባለበት ማንኛውም ዕቃ ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ይነከርና ነርስ ትጠራ፤ አይቆለፍ። ቱቦው ከደረቱ ከወጣ ግን ቀዳዳው በእጅ ወይም በጎዝ ተይዞ ይጮኽ። አስታማሚ ይህን ከነርሷ ገና በመጀመሪያው ቀን ቢማር ጥሩ ነው፤ የአምስት ደቂቃ ትምህርት ነው።

ሕመም ትልቁ ቸልታ ነው፤ በዚህ ላይ ራሳችንን ከሙያ ባልደረቦቻችን አንለይም። ቱቦ በጎድን አጥንቶች መካከል ቆሞ ልጁ በተነፈሰ ቁጥር ይወጋዋል። የሚያመው ልጅ ጠልቆ አይተነፍስም፣ አያስልም፣ አይቀመጥም፤ ሳንባውም አይዘረጋም፣ አክታም ይቋጠራል። ስለዚህ ማስታገሻ ለሳንባው ራሱ ሕክምና ነው። ፓራሲታሞል 15 ሚሊ ግራም በኪሎ በየ6 ሰዓቱ፣ ከ3 ወር በላይ ለሆነና ፈሳሽ ላልጎደለው ልጅ አይቡፕሮፌን 10 ሚሊ ግራም በኪሎ በየ8 ሰዓቱ፣ ይህ ካልበቃ ሞርፊን በሐኪም ክትትል። «ሲያስፈልግ ይሰጥ» ተብሎ የተጻፈ ማስታገሻ ብዙ ጊዜ ሳይሰጥ ይቀራል፤ የሁለት ዓመት ልጅ ነርስ ጠርቶ አይጠይቅምና። በሰዓት ይጻፍ። ዝም ብሎ፣ አካሉን ሳያንቀሳቅስ የተኛ ልጅም «ጨዋ» ተብሎ አይመስገን፤ ምናልባት ሲንቀሳቀስ ስለሚያመው ነው።

ስለ ኦክስጅን ባጭሩ። ከ90 ከመቶ በታች ከወረደ ይሰጣል፤ በአፍንጫ ቱቦ ለአራስ በደቂቃ ከግማሽ እስከ 1 ሊትር፣ ለሕፃን ከ1 እስከ 2 ሊትር ይጀመራል። የኒሞቶራክሱ አየር ሳይወጣ ልጁን አየር በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ ላይ ማድረግ ግን ፍንጣቂውን ያሰፋዋል። በማሽን የሚተነፍስ ልጅ ድንገት ካሽቆለቆለ ከሚፈተሹት የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ኒሞቶራክስ ነው፤ ሌላው በጉሮሮ የገባው ቱቦ ወደ ቀኙ ቧንቧ ጠልቆ የግራውን ሳንባ አየር መከልከሉ ነው። ያ ከሆነ ቱቦውን ጥቂት ወደ ኋላ መሳብ ይበቃል፤ ደረት መብሳት አያስፈልግም።

የተረኛ ርክክብ ላይ «ቼስት ቲዩብ አለው» ማለት መረጃ አይደለም። ውሃው ይንቀሳቀሳል ወይ? አረፋ አለ? ካለፈው ተረኛ ጀምሮ ስንት ሚሊ ሊትር ወረደ? ማስታገሻ መጨረሻ የተሰጠው መቼ ነው? እነዚህ አራቱ ከልጁ አልጋ አጠገብ፣ ጠርሙሱን እያዩ ይነገሩ። ቱቦው እንደገባ በመጀመሪያው ሰዓት በየ15 ደቂቃው፣ ከዚያ በየሰዓቱ ልጁ ይታይ።

ቱቦው የሚወጣው አረፋ ለ24 ሰዓት ያህል ሳይታይ፣ ራጅ ሳንባው መዘርጋቱን ሲያሳይና የሚወርደው ፈሳሽ ጥቂት ሲሆን ነው። ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይስባል፣ ሌላው ቀዳዳውን ወዲያው ይሸፍናል። መረዳት የሚችል ልጅ አየር ስቦ እንዲይዝ ይደረጋል። ማስታገሻው ቀድሞ ይሰጥ፤ ማውጣቱም ያማልና። ከዚያም ራጅ ይነሳል፤ ልጁ እስከዚያ ወደ ቤት አይሸኝ።

በመውጫ ወረቀቱ ላይ «ተሽሎት ወጥቷል» ብቻ ከተጻፈ ወላጅ ይመልሰው። የመኮማተሩ ምክንያት፣ ቱቦው የገባበት ጎንና የወጣበት ቀን፣ የመጨረሻው ራጅ ውጤት፣ ክሩ የሚወጣበት ቀን፣ የሚቀጥለው ራጅ ቀጠሮ ይጻፍበት። ትንፋሹ ከፈጠነ (ከ2 ወር በታች በደቂቃ 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ)፣ ደረቱ ከተሰረጎደ፣ ድንገተኛ የደረት ውጋት ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን እንዲመለስ ይነገረው። አውሮፕላን መሳፈር ራጅ ላይ አየሩ ፈጽሞ መጥፋቱ ከታየ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ በጉዳት የመጣ ከሆነ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ያለ ምክንያት በድንገት ለመጣበት ጎረምሳ ደግሞ ሊደገም እንደሚችልና ሲጋራ ይህን እንደሚያባብሰው ራሱ ፊት ለፊት ይነገረው፤ በእናቱ በኩል የተላከ ምክር አይደርስም።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕፃናት ሕክምናና በነርስነት ሙያ ላይ የምንገኝ